ጠፈር ወይስ ሕዋ?

ከደብረ ብርሃን አንድ የሳይንስ መምህር እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «ስለ ሥርዓተ ፀሐይ ሳስተምር አንዴ ጠፈር፣ አንዴ ሕዋ እላለሁ። ተማሪዎች ልዩነቱን ጠየቁኝ። አንድ ናቸው ብዬ ልለፍ?»

አይለፉ። ጠፈር በግእዝ የቤት ጣሪያ ነው። ዘፍጥረት 1፥6 «በውኆች መካከል ጠፈር ይሁን» ይላል፤ ቁጥር 8 ላይ ይኸው ጠፈር ሰማይ ተባለ። በዚሁ ቦታ ያለው የዕብራይስጡ ቃል ራቂዓ ቀጥቅጦ ከመዘርጋት ግስ የወጣ ነው፤ የግሪኩ ትርጉም ቃል ስቴሬዎማ ጠጣርነትን ያዘለ ነው። የግእዙ ተርጓሚ ደግሞ ቤት ሠሪ የሚያውቀውን ቃል መረጠ። ሦስቱም ከላያችን ጠንካራ ነገር አስቀምጠዋል። እንግዲህ ሮኬት ወደ ጠፈር መጠቀ ስንል ጣሪያ ውስጥ ገባ ማለታችን ነው።

«ቃል በአገልግሎቱ እንጂ በሥሩ አይፈታም» የሚሉ አሉ። ለጋዜጣ ይሁንላቸው። ክፍል ውስጥ ግን ሥሩ ብቅ ይላል፤ ጠፈር ሳይበየንለት የቀረ ልጅ ሰማይን ከዋክብት የተሰኩበት ክዳን አድርጎ ይሥላል፣ ከክዳኑ በላይም ስበት ያበቃል ይላል። ዓለም አቀፉ የሕዋ ጣቢያ በሚዞርበት 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንኳ የምድር ስበት እዚህ ካለው 10 እጁ 9 ያህሉ አለ። በጣቢያው ውስጥ ያሉት ሰዎች የሚንሳፈፉት ከነጣቢያቸው ያለማቋረጥ ስለሚወድቁ ነው።

ስለዚህ ሰማይ ዓይን የሚያየው ይሁን፤ ሕዋ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ያለው። መስመሩ የስምምነት ነው፣ አየሩ እየሳሳ ይሄዳል እንጂ አጥር የለም። ከእርስዎ ከተማ አዲስ አበባ በመንገድ 130 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ሕዋ ከአዲስ አበባ ይቀርባል ይበሏቸው። ከዚያ ሜዳ ያውጧቸው፦ 1 ሜትር ለ1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር። ፀሐይ ወርዷ 1.4 ሜትር የሆነ ክብ፣ ምድር 1.3 ሴንቲ ሜትር የምትሆን ትልቅ ሽምብራ፣ በመካከላቸው 150 ሜትር። ጨረቃ 3.5 ሚሊ ሜትር፣ ከሽምብራዋ 38 ሴንቲ ሜትር ርቃ። ሜዳው ቢጠብ ርቀቱን ብቻ አያሳጥሩ፣ መጠኑ ይፋለሳል፤ ሁሉንም በግማሽ ይቀንሱ፤ ያኔ ለምድር አተር ይበቃል። በመሃል የቀረው ባዶ ቦታ ነው ሕዋ።

ጠፈርተኛ የሚለውን በተመለከተ ተሸንፈናል። ባሕር ባሕረኛን፣ መንገድ መንገደኛን ካወጣ ጠፈርም ጠፈረኛን ማውጣት ነበረበት፤ «ተኛ» ከሠራተኛ ተጎትቶ የመጣ ይመስላል። በሥራና ሠራተኛ አካሄድ ሕዋተኛ ቢባል ደንቡም ትርጉሙም በተስማሙ ነበር፤ ነገር ግን ቃሉ ለጆሮዬ አስቀያሚ ነውና አልደግፈውም። ተማሪ ጠፈርተኛ ብሎ ቢጽፍ ነጥብ አይቀንሱበት። ጠፈርን ብቻውን ለሕዋ ሲጠቀም ግን ቢያንስ በቀይ ያስምሩበት።