«አይውጣ» ሲባል «ይውጣ» የሚሰማው ሬድዮ

ጥያቄው የመጣው ሜክሲኮ አደባባይ አቅራቢያ ካለ አንድ ሕንጻ የጥበቃ ፈረቃ ኃላፊ ነው። ደብዳቤያቸው ረዘም ስለሚል ፍሬ ነገሩን ላስቀምጠው። ሕንጻው 12 ፎቅና 2 ቤዝመንት አለው። አንድ ዓይነት የሆኑ 8 የእጅ ሬድዮዎች አሏቸው። ታችኛው ቤዝመንት የሚቆመው ጥበቃ አብዛኛውን ጊዜ አይሰማም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ባትሪ ያልቃል። አንዳንዴ የማያውቁት ሰው ንግግር ይገባባቸዋል። ከሁሉ በላይ ያስደነገጣቸው ግን ባለፈው ሳምንት የሆነው ነው፦ የበሩ ጥበቃ «ነጩ መኪና ይውጣ ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ እርሳቸው «አይውጣ» ብለው መለሱ። ጥበቃው «ይውጣ» ብሎ ሰማና በሩን ከፈተ። ሬድዮ ሻጩ «ኃይሉ አንሶ ነው፣ ባለ 10 ዋት ግዙ» ብሏቸዋል። ልግዛ ወይ ነው ጥያቄያቸው።

አይግዙ። ሻጩን አልወቅስም፤ እርሱ የሚኖረው በመሸጥ ነው፣ እኔ ደግሞ በመጠገን። ነገር ግን ከጻፉልኝ አራት ችግሮች ውስጥ ዋት የሚፈታው አንድም የለም።

ከነጩ መኪና ልጀምር፤ ጥበቃው ጆሮው አልደነቆረም፣ እርስዎም አልተሳሳቱም። ቁልፉን ሲጫኑ ሬድዮው በዚያችው ቅጽበት ድምፅዎን አይልክም፤ ማሰራጫው ተነሥቶ እስኪረጋ ጥቂት ይወስዳል። በር ላይ ያለው ሬድዮ ደግሞ ባትሪ ለመቆጠብ እያንቀላፋ ነው የሚጠብቀው። ብልጭ ብሎ ይነቃል፣ የሚናገር ካለ ያዳምጣል፣ ከሌለ መልሶ ይተኛል። ቶን የሚባለው የቡድን መለያ ድምፅ የተሞላበት ከሆነ ነቅቶም ወዲያው አይከፍትም፤ ከንግግርዎ ሥር አብሮ የሚላከውን ዝቅተኛ ድምፅ አዳምጦ የራሱ ቡድን መሆኑን ሲያረጋግጥ ነው ድምፅ ማጉያውን የሚለቀው። ይህ ሁሉ ሲደመር ግማሽ ሰከንድ ሊደርስ ይችላል።

ግማሽ ሰከንድ በአማርኛ ትንሽ ጊዜ አይደለም። እኛ እምቢታን ከቃሉ መነሻ ላይ ነው የምናስቀምጠው። «አይውጣ» ላይ «አ» ብትቆረጥ የሚቀረው «ይውጣ» ነው፤ «አይግባ» «ይግባ» ይሆናል፤ «አትልቀቁ» ሁለት ፊደል ቢጎድልበት «ልቀቁ» ነው። ትእዛዙ ተበላሽቶ ቢደርስ ኖሮ ጥበቃው «ይድገሙልኝ» ይል ነበር። የደረሰው ግን ጥርት ያለ፣ ሰዋስው የጠበቀ፣ ፍጹም ተቃራኒ የሆነ ትእዛዝ ነው። ምን ብሎ ይጠራጠር?

ስለዚህ ቁልፉን ተጭነው አንድ ጊዜ ይተንፍሱ፣ ከዚያ ይናገሩ። ጨርሰውም ቁልፉን በመጨረሻው ፊደል ላይ አይልቀቁ፤ ጅራቱም እንደ ራሱ ይቆረጣል። ይህን ለሰዎችዎ በቃል ብቻ ከነገሯቸው ግን ሦስት ቀን ሠርተው በአራተኛው ይረሱታል። የሚበጀው ንግግሩን ራሱን መለወጥ ነው። ማንም ሰው ትእዛዙን ከመናገሩ በፊት የሚጠራውን ቦታ ስም ሁለት ጊዜ ይጥራ፦ «በር፣ በር»። የሚቆረጥ ካለ የመጀመሪያዋ «በር» ትቆረጥ፤ ጉዳት የለውም። ከዚያ የሚከለክለውና የሚፈቅደው ቃል ከነጭራሹ የማይመሳሰሉ ይሁኑ። ለመከልከል «አስቁም»፣ ለመፍቀድ «ክፈት» በሉ፤ «አስቁም» ፊቱ ቢቆረጥ እንኳ «ክፈት» አይሆንም። ተቀባዩም «እሺ» ብሎ አይለፍ። «ተቀብያለሁ፣ ነጩን መኪና አስቆማለሁ» ብሎ የሰማውን መልሶ ይናገር። ያኔ የተሳሳተ ነገር ቢሰማ በሩ ሳይከፈት ይታወቃል።

ይህን ካነሣን ስለ ቁጥርም ላንሣ፤ አልጠየቁኝም፣ ግን 12 ፎቅ ባለው ሕንጻ መጠየቅዎ አይቀርም። ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት ሦስቱም የሚጀምሩት በአንድ ተነባቢ ነው። የመገናኛ ሬድዮ የሚያሳልፈው የድምፅ ክልል በግምት ከ300 እስከ 3,000 ኸርዝ ነው፤ የ«ስ» ፉጨት ደግሞ አብዛኛው ከዚያ በላይ ስለሆነ ተቆርጦ ይቀራል። እስቲ አንዱን ሰው ደረጃው ላይ አቁመው «ስድስተኛ ፎቅ» እና «ስምንተኛ ፎቅ» እያፈራረቀ በሬድዮ እንዲናገር ያድርጉት። እሳት ተነሣ ተብሎ ሰው የሚሮጥበት ፎቅ በዚያች ልዩነት ነው የሚወሰነው። አንድ የማውቀው የጥበቃ ቡድን ፎቆቹን በቁጥር መጥራት ትቶ በተከራዮቹ ይጠራቸዋል፦ የባንኩ ፎቅ፣ የጥርስ ሐኪሙ ፎቅ፣ የጠበቆቹ ፎቅ። ተከራይ ሲለቅ ስሙ ይቀየራል እንጂ እስከዚያው አይሳሳቱም።

አሁን ወደ ቤዝመንቱ እንውረድ። ከእርስዎና ከታችኛው ጥበቃ መካከል አርማታ አለ፣ አርማታው ውስጥ ደግሞ ፌሮ እንደ መረብ ተሠርቷል። የሬድዮ ሞገድ ብረት ሲያገኝ ይመለሳል፣ እርጥብ ሲሚንቶ ሲያገኝ ይዋጣል። ወደ ታች የሚደርሰው ጣሪያውን በስቶ ሳይሆን በመኪናው መውረጃ፣ በደረጃው ክፍት ቦታና በአየር ማስገቢያው እየተንሸራተተ ነው። ከ5 ዋት ወደ 10 ዋት መውጣት 3 ዴሲቤል (የኃይል ልዩነት መለኪያ ነው) ብቻ ይጨምራል፤ ሜዳ ላይ እንኳ ርቀትን እጥፍ ለማድረግ ኃይሉ አራት እጥፍ መሆን አለበት። ሁለት ወለል አርማታ የሚውጠው ከ3 ዴሲቤል እጅግ ይበልጣል። በዚያ ላይ የገዙት ባለ 10 ዋት ሬድዮ መናገሩ ቢበረታም መስማቱ አይጨምርም። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውንም ሁልጊዜ አይመኑ፤ ጠረጴዛዬ ላይ በኃይል መለኪያ ሳያቸው ከተጻፈው ግማሹን እንኳ የማይሰጡ ገጥመውኛል።

የጥበቃውን መቆሚያ ይለውጡለት። ከግድግዳው ጥግና ከሊፍቱ አጠገብ ያርቁትና መውረጃው አፍ በሚታይበት ቦታ ያቁሙት። ሊፍት የብረት ሣጥን ነው፤ ውስጡ ገብቶ የሚጣራ ሰው ከድስት ውስጥ እንደሚጮህ ነው የሚቆጠረው። ሁለተኛ፣ ያልተሰማው ሰው እዚያው ቆሞ አሥር ጊዜ አይጥራ። የእርስዎ ሬድዮዎች 450 ሜጋኸርዝ አካባቢ የሚሠሩ ከሆነ የሞገዱ ርዝመት 67 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ከግድግዳ ተመልሶ የሚመጣው ሞገድ በቀጥታ ከሚመጣው ጋር ሲጋጭ የሚጠፋበት ነጥብና የሚበረታበት ነጥብ በአንድ እርምጃ ውስጥ ነው የሚገኙት። ግማሽ እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ ማለት ከ5 ዋት ጭማሪ ይሻላል፤ ገንዘብም አያስወጣም።

ሦስተኛው አያያዝ ነው። ስታዲየም አካባቢም ሆነ ለገሃር ስሄድ የማየው ጥበቃ ሁሉ ሬድዮውን ቀበቶው ላይ አስሮ በገመድ ማይክ ይናገራል። ያምራል፤ ግን አንቴናው ከወገቡ ጋር ተጣብቋል፣ የሰው ሥጋ ደግሞ አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ሞገድ ይጠጣል። ቤዝመንት ውስጥ ያለው ሰው ሬድዮውን በእጁ አንሥቶ፣ አንቴናውን ወደ ላይ አቁሞ፣ ከአፉ ሦስት ጣት ያህል አርቆ በተለመደ ድምፅ ይናገር። መጮህ ንግግሩን ያጎረብጠዋል እንጂ አያርቀውም፤ ሬድዮው ከመጠን ያለፈውን ድምፅ ራሱ ይቆርጠዋል። አንቴናውን ይዞ ሬድዮውን ማንጠልጠልም ይቅር። ሥሩ ላይ ያለው ብሎን የሚላላው እንዲህ ነው።

ስለ አንቴና ሌላም ልጠርጥር። ታች ያለው ሬድዮ ሁልጊዜ አንዱ ሬድዮ ነው? ከሆነ አንቴናውን ነቅለው ከጥሩው ጋር ያቀያይሩ፤ ሲነቅሉም ሲያስገቡም ሬድዮው ይጥፋ፤ ያለ አንቴና ቁልፍ መጫን የማሰራጫውን ትራንዚስተር ሊያቃጥል ይችላል። በዚህ ዓመት ብቻ «ሬድዮው ሞቷል» ተብለው ከመጡልኝ ውስጥ በርከት ያሉት አንቴናቸው ጠፍቶ ከሌላ ዓይነት ሬድዮ የተገጠመላቸው ነበሩ። ብሎኑ ይገጥማል፣ ዐይን ሲያየው አንድ ነው፤ ግን አንዱ ለ150 ሜጋኸርዝ፣ ሌላው ለ450 የተሠራ ነው። አጠገብ ለአጠገብ ይሰማሉ፣ አንድ ፎቅ ሲራራቁ ይጠፋሉ።

ይህን ሁሉ አድርገው ታችኛው ቤዝመንት አሁንም ዝም ካለ ሁለት መንገድ አለ። ርካሹ፣ ላይኛው ቤዝመንት ያለው ጥበቃ መልእክት አቀባይ ይሁን፤ ከላይ ሰምቶ ወደ ታች ያስተላልፍ። ውዱ ሪፒተር ነው፦ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ሰምቶ በዚያው ቅጽበት በሌላ የሚያሰራጭ ማሽን፣ አንቴናው ወደ ቤዝመንቱ የተዘረጋ። ለ12 ፎቅ ሕንጻ ብክነት አይደለም። ግን መጀመሪያ መቆሚያውን ይለውጡ።

የባትሪው ነገር ሒሳብ ነው። አምራቾች ባትሪ ስንት ሰዓት ይቆያል ሲሉ የሚቆጥሩት ከጊዜው 5 በመቶ መናገር፣ 5 በመቶ መስማት፣ 90 በመቶ ዝምታ ብለው ነው። ከምሽቱ 12 እስከ ጠዋቱ 12 ባለው ፈረቃ 5 በመቶ ማለት 36 ደቂቃ ነው። ባለ 5 ዋት ሬድዮ ሲናገር 1.5 አምፒር አካባቢ ይስባል፤ 1,500 ሚሊአምፒር ሰዓት የሆነ አዲስ ባትሪ ያለማቋረጥ ቢናገሩበት በአንድ ሰዓት ገደማ ይራቆታል ማለት ነው። ሌሊት እንቅልፍ ለማባረር የሚጨዋወቱ ጥበቃዎች 36 ደቂቃዋን እኩለ ሌሊት ሳይሆን ይጨርሷታል። እነርሱን ከመቆጣት ይልቅ ከቤዝመንቱ በስተቀር ሁሉንም ሬድዮ ወደ ዝቅተኛው ኃይል ይቀይሩ። በርና እንግዳ መቀበያ ለመነጋገር 1 ዋት ይበቃል።

ባትሪዎቹ ላይ ከ1 እስከ 8 ቁጥር ይጻፉ። ቀድሞ የሚሞተው ሬድዮ ላይ ሌላ ባትሪ ይግጠሙ። በሽታው ባትሪውን ተከትሎ ከሄደ ባትሪ ይግዙ፤ ከሬድዮው ጋር ከቀረ እኔ ጋር ያምጡት። ቴስተር ያለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ካለዎት ደግሞ ያስለኩት፤ 7.4 ቮልት የሚል የተጻፈበት ባትሪ ሲሞላ 8.4 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት፤ ቁልፉ ሲጫን ወዲያው ከ7 በታች የሚወድቅ ከሆነ አርጅቷል። የባትሪውንና የቻርጀሩን መዳብ ምላሶች በላጲስ ፈግፍገው በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ግማሹ «ቻርጅ አይቀበልም» የላብና የአቧራ ንጣፍ ነው። ያበጠ ባትሪ ግን እንዳይጨቁኑት፣ እንዳይወጉትም፤ ከሥራ ያውጡት። «ሙልጭ ብሎ ሳያልቅ ቻርጅ አይደረግም» የሚሉዎትንም አይስሟቸው። ያ ለድሮው የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ነበር፤ የሊቲየም ባትሪ ሙልጭ ማለትን አይወድም።

የማያውቁት ሰው ድምፅ የሚገባብዎ ሬድዮዎቹ ከካርቶን እንደወጡ በመሥራታቸው ይመስለኛል። ባለ 16 ቻናል ርካሽ ሬድዮዎች ከፋብሪካ ሲወጡ የአንድ ሞዴል ሁሉ አንድ ዓይነት ፍሪኩዌንሲ ተሞልቶባቸው ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለው ሕንጻ ያንኑ ሞዴል ከገዛ ጎረቤት ሳይሆን አንድ ቤት ናችሁ። ቶን መሙላት የእነርሱን ንግግር ከጆሮዎ ያርቃል፤ አየሩን ግን አይለይም። እነርሱ ሲናገሩ የእርስዎ ሰው ሳይሰማ ይቀራል፣ እርስዎ የሚሉትንም ማዶ ያለው ቶኑን አጥፍቶ ሊያዳምጥ ይችላል። ስለዚህ የበር ቁልፍ ያለበትን ቦታ ወይም ገንዘብ የሚንቀሳቀስበትን ሰዓት በሬድዮ አይናገሩ። ትክክለኛው መፍትሔ የራስ ፍሪኩዌንሲ ነው፤ ፈቃዱን የሚሰጠው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የሕንጻው አስተዳደር ፈቃድ እንዳለው ነገ ጠዋት ይጠይቁ። ከሌለ ይህ የእርስዎ የፈረቃ ኃላፊው ዕዳ አይደለም፣ ግን በጽሑፍ ያሳውቋቸው። ፈቃዱ ሲመጣ ሬድዮዎቹን በኮምፒውተር ሞልቼ የቀሩትን ቻናሎች እዘጋቸዋለሁ፤ አንድ ጥበቃ ማዞሪያውን በክርኑ ነክቶ ሌሊቱን ሙሉ ብቻውን ሌላ ቻናል ላይ እንዳያድር።

አንድ ነገር ቀረ። ደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ «ባለፈው ወር አንድ ሌሊት ሁላችንም ለረጅም ጊዜ መነጋገር አቅቶን ነበር፣ ራሱ ተሻለው» ብለዋል። አይሻለውም። የአንዱ ሬድዮ መናገሪያ ቁልፍ ተጣብቆ ነው። አንዱ ሲናገር ሌላው ሁሉ ሰሚ ስለሆነ፣ ቁልፉ የተጣበቀበት ሰው ሳያውቅ ቻናሉን ይዞ ሁላችሁንም ዲዳ ያደርጋችኋል። እንዲህ ያለ ሬድዮ በቅርቡ ከፍቼ ከቁልፉ ጎማ ሥር ያገኘሁት የሻይ ስኳር ነበር፣ ከረሜላ መስሎ ደርቆ። በአልኮል ተጠርጎ ወጣ። ስምንቱንም ቁልፎች በአውራ ጣትዎ ይሞክሩ፤ ቀስ ብሎ የሚመለሰው እርሱ ነው። ሬድዮዎቹን በኮምፒውተር ስሞላ ደግሞ የንግግር ገደቡን 60 ሰከንድ ላይ አደርግልዎታለሁ፤ ስኳር ቢገባም ከደቂቃ በላይ አይዝም።