ኢንኮደር አገናኝቶ ላይቭ ማስተላለፍ፦ ጥያቄና መልስ

ጤና ይስጥልኝ፣ አሰላሙ አለይኩም። ደሴ ውስጥ የሠርግ፣ የመውሊድና የጉባኤ ቀጥታ ሥርጭት እሠራለሁ። ከኮምቦልቻ እስከ ቆቦ ብዙ ልጆች ኢንኮደር እየገዙ ስለሆነ ዛሬ በእሱ ላይ ጠይቁኝ። የካሜራውን ምስል በኤችዲኤምአይ ወይም በኤስዲአይ ኬብል ተቀብሎ፣ ጨምቆ፣ በኢንተርኔት ወደ ዩቲዩብ ወይም ፌስቡክ የሚልከውን ትንሽ ሳጥን ማለቴ ነው። ስትጠይቁ የሳጥኑን ሞዴልና የሚያሳየውን ስህተት ጻፉ።

ከሐይቅ፦ ሰላም ጋሼ። አዲስ ኢንኮደር ገዝቼ ራውተር ላይ ሰካሁት። ማስተካከያ ገጹ ግን ብሮውዘር ላይ አልከፈት አለኝ።

መልስ፦ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚቀረው፣ ዘርዘር ላድርገው። ሳጥኑ ከፋብሪካ ሲወጣ የራሱ አይፒ አድራሻ አለው። ሥሩ ያለውን ስቲከር እይ። 192.168.1.168 ይላል እንበል። የሲም ራውተርህ ደግሞ 192.168.8.1 ከሆነ ሦስተኛው ቁጥር ስለተለያየ አይተያዩም። ሳጥኑን ከራውተሩ ንቀልና በኔትወርክ ኬብል ላፕቶፕህ ላይ ሰካው። የላፕቶፑን ዋይፋይ አጥፋ። አይፒውን በእጅህ 192.168.1.10፣ ሰብኔት ማስኩን 255.255.255.0 አድርግ። አሁን የሳጥኑን አድራሻ ብሮውዘር ላይ ስትጽፍ ይከፈታል። እዚያ ገብተህ ዲኤችሲፒን (ራውተሩ ራሱ አድራሻ እንዲሰጠው የሚያደርገውን) አብራ፣ ወይም ከራውተርህ ጋር የሚሄድ አድራሻ ስጠው። በእጅህ ከሰጠኸው ጌትዌይ (የራውተሩን አድራሻ) እና ዲኤንኤስ መሙላት እንዳትረሳ። ዲኤንኤሱ ባዶ ከሆነ ሳጥኑ ዩቲዩብ የት እንዳለ አያውቅም፣ ሌላው ሁሉ ልክ ሆኖ ላይቩ አይነሳም። ስትጨርስ የላፕቶፑን አይፒ ወደ አውቶማቲክ መልስ። የፋብሪካውን ፓስወርድም ቀይር።

ከወልድያ፦ ኢንኮደሬ አይሠራም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሞዴሉ ምንድን ነው? መብራቱ ይበራል? ምስል ይገባለታል? ምን ብሎ ነው እምቢ ያለው? ይህን ይዘህ ና።

ከኮምቦልቻ፦ ሠርግና ኒካህ ነው የምቀርጸው። ዘመድ ሳዑዲና ዱባይ ሆኖ ነው የሚከታተለው። በ1080 ጥራት ስለቀው ቶሎ ቶሎ ይቆማል። ኢንተርኔቱ ዳውንሎድ ላይ 30 ሜጋ ነው። የማስተካከያ ገጹን ፎቶ አያይዣለሁ።

መልስ፦ መጀመሪያ ፎቶውን አጥፋ፣ ስትሪም ኪይህ (የማስተላለፊያ ቁልፍህ) እሱ ላይ ይታያል። ያን ቁልፍ ያገኘ ሰው በአንተ ቻናል የፈለገውን ማስተላለፍ ይችላል። ዛሬውኑ ቀይረው።

ወደ ጥያቄህ ስመለስ፣ የዳውንሎድህ ቁጥር እዚህ አይጠቅምም። ላይቭ የሚሄደው በአፕሎድ ነው። አፕሎዱን ለካ፣ ያገኘኸውን ለሁለት ክፈል። 5 ሜጋቢት ካገኘህ ቢትሬትህ (በሰከንድ የምትልከው መጠን) ከ2.5 አይለፍ። የሲም ኔትወርክ ከፍ ዝቅ ይላል፣ የተረፈው ግማሽ ለዚያ ነው። የምትለካው ደግሞ በቦታው፣ በሰዓቱ ነው። ዋዜማውን ዳሱ ባዶ ሆኖ ያገኘኸው ፍጥነት፣ በሠርጉ ቀን እንግዳው ሁሉ ስልኩን ሲያወጣ የለም።

በዚያ ቢትሬት ጥራቱን 720 አድርገው። ጅዳ ሆና በስልኳ ለምታይ እህት የማይቋረጥ 720 ከሚቆም 1080 ይሻላታል። ሬት ኮንትሮሉን ሲቢአር (ቢትሬቱ ሳይዋዥቅ የሚልክ)፣ ኮዴኩን (ምስሉ የሚጨመቅበትን ዘዴ) ኤች 264፣ ድምፁን ኤኤሲ 128 አድርግ። ኪይፍሬም (ሙሉው ምስል የሚላክበት ፍሬም) በየ2 ሰከንዱ ይሁን። ሳጥንህ በሰከንድ ሳይሆን በፍሬም የሚጠይቅ ከሆነ፣ በሰከንድ ለ25 ፍሬም 50 ብለህ ጻፍ። 25 ያልኩህ ኤሌክትሪካችን 50 ኸርዝ ስለሆነ ነው። በ30 ስትቀርጽ ፍሎረሰንትና ርካሽ ኤልኢዲ ምስሉን ያርገበግበዋል። የካሜራውን ሹተር 1/50 አድርግ። ዳታህንም አስላ፤ 2.5 ሜጋቢት በሰዓት 1.1 ጊጋ ያህል ይበላል፣ 4 ሜጋቢት ደግሞ 1.8። ሙሽራው እስኪመጣ ካሜራው ባዶ መንገድ እያሳየም ቢሆን ዳታው ይሄዳል።

ከደሴ ፒያሳ፦ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? ስልክ ትሪፖድ ላይ አስሮ መልቀቅ አይሻልም? እኔ እንደዚያ ነው የምሠራው።

ከመርሳ፦ ስልክ ይግላላ! መሐል ላይ ቢደወልልህስ? ሁለት ካሜራስ እንዴት ታደርጋለህ?

ከደሴ ፒያሳ፦ ኤርፕሌን ሞድ አድርጌ በዋይፋይ ነዋ። ሁለተኛውን ካሜራ ደግሞ የጠየቀኝ ደንበኛ የለም።

ከተንታ፦ ይልቅ የትኛው ሲም እንደሚሻል ንገሩን። እኛ ጋ አንደኛው ጭራሽ አይይዝም።

ከመርሳ፦ እኛ ጋ ተቃራኒው ነው።

መልስ፦ ሲም እንደየቀበሌው ይለያያል፣ ክርክሩ አያልቅም። ሁለቱንም ይዛችሁ ሂዱ። በቦታው፣ በሰዓቱ ለኩ። ስልክ ለአጭር ሥርጭት በቂ ነው። ሚክሰርና ጥሩ ካሜራ ላለው ግን ሳጥኑ ይሻላል።

ከቆቦ፦ ጋሼ ላይቩ ይቆራረጥብኛል፣ ምን ይሻላል?

መልስ፦ ለኮምቦልቻው የጻፍኩትን አንብብ። አፕሎድ።

ከላሊበላ፦ በገና ዕለት ቤዛ ኩሉ ሲደርስ ኔትወርክ ጭራሽ ይሞታል። ሁለት ሲም የሚይዝ ራውተር ብንገዛ ፍጥነቱ ይደመርልናል?

መልስ፦ አይደመርም። ተራው ባለሁለት ሲም ራውተር አንዱ ሲጠፋ ወደ ሌላው ይዞራል፣ ወይም ሥራውን ያከፋፍላል። የአንተ ላይቭ ግን አንድ ኮኔክሽን ስለሆነ በአንድ መስመር ብቻ ይሄዳል። ለመደመር ቦንዲንግ የሚባለው ያስፈልጋል። ለዚያ ደግሞ የተከፋፈለውን የሚገጣጥም ሰርቨር በሌላው ጫፍ መኖር አለበት። ቢኖርህም ሕዝቡ ሁለቱንም ሲም ካጨናነቃቸው ትርፉ ትንሽ ነው። የምመክርህ በፋይበር የገባ ኢንተርኔት ያለው ቤት ወይም ሆቴል ፈልገህ መስመሩን እንድትስብ ነው። የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ይሄዳል። ካሜራው ከሳጥኑ ከራቀ ኤስዲአይ ተጠቀም፣ ተራ ኤችዲኤምአይ ኬብል ከ10 ሜትር በላይ አይታመንም። ሳጥኑ ላይ ፍላሽ ሰክተህም ቅዳ፤ ላይቩ ቢቋረጥ ማኅሌቱ ይተርፍልሃል። ደግሞ አደራ፣ ኬብል ስትዘረጋ አለቱ ላይ ምስማርም ቴፕም እንዳታሳርፍ። በዓሉ ያልፋል፣ አለቱ ላይ የቀረው ጠባሳ ግን አይድንም።

ከደላንታ፦ የትኛውን ብራንድ ልግዛ? ስንት ብር ነው?

መልስ፦ ዋጋና ብራንድ አልመርጥም። አርቲኤምፒኤስ (የተመሰጠረ የመላኪያ መንገድ)፣ ኤች 264 እና የድምፅ መግቢያ ያለው ይሁን።

ከወረባቦ፦ መንዙማ ስናስተላልፍ ከሚክሰር በቀጥታ ወደ ኢንኮደሩ የገባው ድምፅ ከአፍ ይቀድማል። ድቤውም ከእጁ ጋር አይገጥምም።

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ሳጥኑ አልተበላሸም። ምስሉ ካሜራው ውስጥ ትንሽ ይቆያል፣ ድምፁ ግን አይቆይም። ማስተካከያው ላይ ኦዲዮ ዲሌይ ካለ አንድ ሰው ካሜራው ፊት ያጨብጭብ፣ እጁና ድምፁ እስኪገጥሙ 20 ሚሊሰከንድ እያልሽ ጨምሪ። ከሌለው ድምፁን ካሜራው ውስጥ አስገብተሽ በኤችዲኤምአይ አብሮ ይምጣ። ያን ጊዜ የካሜራው የድምፅ መግቢያ «ላይን» በሚለው (ለሚክሰር ድምፅ በሚሆነው) ላይ መሆኑን አረጋግጪ። ማይክ ላይ ከሆነ የሚክሰሩ ድምፅ ይፈነዳል።

ከወግዲ፦ ነገ ጧት ጉባኤ አለን። የዩቲዩብ ቻናሉን ዛሬ ነው የከፈትነው።

መልስ፦ ስልክ ቁጥር አረጋግጣችሁ ላይቭን አሁኑኑ አስፈቅዱ። ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ 24 ሰዓት ይወስዳል፣ ለነገ ላይደርስ ይችላል። ሌላ የተፈቀደለት ቻናል ፈልጉ።

ከወልድያ፦ እሺ ጋሼ፣ ይዤ መጣሁ። መብራቱ ይበራል፣ ምስል አለ። ወደ ፌስቡክ ሲሄድ ግን ኮኔክሽን ፌይልድ ይላል። ባለፈው ሳምንት ይሠራ ነበር። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቀኑ ወደ 1970 ተመልሶ ስላገኘሁት 2018 ብዬ አስተካክዬዋለሁ።

መልስ፦ እንዲህ ብለህ ብትጀምር ኖሮ እስካሁን ባለቀ። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ሞላኸው። ፌስቡክ የሚቀበለው በአርቲኤምፒኤስ ብቻ ነው። ሳጥኑ ከመላኩ በፊት የፌስቡክን የደኅንነት ሰርተፊኬት ያያል፣ ሰርተፊኬቱም የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቀን አለው። ሳጥንህ በፈረንጆች 2018 ላይ ያለ ስለሚመስለው ሰርተፊኬቱን ገና ያልጸና ነው ብሎ ይጥለዋል። ኤንቲፒ የሚለውን አብራ፣ የሰዓት ቀጠናውን ፕላስ 3 አድርግ፣ ሪስታርት አድርገው። ቀኑን ከኢንተርኔት ራሱ ያመጣል። ሳጥኑንና ራውተሩንም አነስተኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) ላይ ሰካቸው።

ከወልድያ፦ ተነሣ! ፌስቡክ ላይ ምስሉ እየታየ ነው።

መልስ፦ አሁን አፕሎድህን ለካ።