«ብሪጅ እየተጫወትኩ፣ ስለ ብሪጅ እየጻፍኩ መኖር እችላለሁ?»

ደብዳቤዋን በአጭሩ ላስቀምጥ። የ21 ዓመት ወጣት ናት፤ የአካውንቲንግ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ። ብሪጅ የሚባለውን የካርታ ጨዋታ ከአራት ዓመት በፊት በኢንተርኔት ተማረች፤ አሁን እንቅልፏን ሁሉ ወስዶታል። ሻምፒዮን መሆን፣ ከዚያም ስለ ጨዋታው መጻፍ ትፈልጋለች። አባቷ ግን «በቁማር ልትኖሪ ነው?» ብለዋታል። ጥያቄዋ አንድ ነው፦ ትምህርቴን ላቋርጥ? ስለ አንድ ጨዋታ የጻፈችውንም አያይዛ ልካልኛለች።

እህቴ፣ መልሱን ላስቀድም፦ አታቋርጪ። ሕልምሽ ላይ ውኃ ልቸልስበት ግን አይደለም።

ከአባትሽ ልጀምር። እንዲያ ያሉት ከመሬት ተነስተው አይደለም፤ ካርታ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው የቁማር ጠረጴዛ ነው። እንግዲህ እንዲህ ብለሽ አስረጃቸው። በብሪጅ አራት ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው ይጣመራሉ። 52ቱ ካርታ ይታደላል፤ ለእያንዳንዱ 13 ይደርሰዋል። በቡድን ውድድር ደግሞ እነዚያው ካርታዎች፣ ሳይበወዙ፣ ሌላ ጠረጴዛ ላይም ይጫወቱባቸዋል። የሚነጻጸረው በአንድ ዓይነት ካርታ ማን የተሻለ ሠራ የሚለው ነው። መጥፎ ካርታ ደረሰኝ ብሎ ማልቀስ የለም፤ እዚያኛው ጠረጴዛ ላይም ያው ነው የደረሰው። ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴም በ1999 ብሪጅን እንደ ስፖርት አውቆታል (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። አባትሽ በዚህ ይረታሉ አልልሽም። ክርክሩ ግን ከቁማር ወጥቶ ወደ ገቢ ይመጣል። እዚያ ላይ ደግሞ እውነት አላቸው።

ሻምፒዮንነት ደሞዝ የለውም። ቤርሙዳ ቦውል የሚባለው ትልቁ የዓለም የቡድን ውድድር አሸናፊ ይዞ የሚወጣው ዋንጫና ሜዳሊያ ነው፤ ገንዘብ የለውም። የሴቶቹ ቬኒስ ካፕም እንደዚያው። ታዲያ ከምን ይኖራሉ? አንዱ መንገድ ባለሀብት ነው። ጨዋታውን የሚወድ ሀብታም ከምርጦቹ ጋር መጫወት ያምረዋል። ቡድን ያቋቁማል፣ ለተጫዋቾቹ ይከፍላል፣ የተወሰነውን ጨዋታ ራሱ ይጫወታል። ክፍያው ጥሩ ሊሆን ይችላል። ግን አለቃሽ ያበላሸውን ካርታ ፈገግ ብለሽ ማለፍ የሥራው አካል ነው። ሰውየው የሰለቸው ዕለት ደግሞ ሥራሽም አብሮ ያበቃል። ሌላው ማስተማር ነው፤ ሦስተኛው መጻፍ። ብዙዎቹ ሦስቱንም አጣምረው ነው የሚኖሩት።

«መጀመሪያ ሻምፒዮን ልሁን፣ ከዚያ እጽፋለሁ» ብለሻል። ቅደም ተከተሉ ላይ አልስማማም። ቻርልስ ጎረንን ተመልከቺ። ፊላደልፊያ ውስጥ ጠበቃ ነበር። የመጀመሪያ መጽሐፉ የወጣው በ1936 ነው፤ ቤርሙዳ ቦውልን ያሸነፈው በ1950። በመካከሉ 14 ዓመት አለ! ሪክሲ ማርኩስም በ1938 ከናዚዎች ሸሽታ ከቪየና ለንደን ገባች፤ በ1955 ጋርዲያን ጋዜጣ ላይ አምድ ጀመረች፤ ከሴቶች የመጀመሪያዋ የዓለም ግራንድ ማስተር (የተጫዋቾች ከፍተኛው ማዕረግ) የሆነችው በ1974 ነው። መጻፉ ከድሉ በኋላ የሚመጣ ጉርሻ አይደለም።

ላንቺ የሚቀርብሽ ደግሞ ዚያ ማህሙድ ነው። ፓኪስታናዊ ነው፤ የተማረው ያንቺኑ ሙያ፣ ሂሳብ ነው። በ1981 ፓኪስታን ማንም ሳይጠብቃት ለቤርሙዳ ቦውል ፍጻሜ ስትደርስ ከቡድኑ አንዱ እሱ ነበር። በኋላ ጋርዲያን ላይ ይጽፍ ነበር። የሂሳብ ትምህርቱን ግን መጀመሪያ ጨርሶታል።

የጋዜጣ አምድ ላይ ብቻ ተስፋ እንዳትጥዪ። አለን ትራስኮት የኒው ዮርክ ታይምስን የብሪጅ አምድ ከ1964 እስከ 2005 ይዞት ኖረ። በ2015 ጋዜጣው አምዱን ዘጋው። ዛሬ ያለው ሥራ በኢንተርኔት ትምህርት፣ በመለማመጃ መጻሕፍትና ትልልቅ ውድድሮች በየቀኑ በሚያወጧቸው ቡለቲኖች ላይ ነው።

አሁን ወደ ጽሑፍሽ። እንዲህ ትያለሽ፦ «ንግሥቷን ብጥል እንደምሸነፍ ገባኝ። አሱን ጣልኩ። ንጉሡ ወደቀ።» ጥሩ ተጫውተሻል። ግን እንዴት ነው የገባሽ? ዋናውን ነገር ለራስሽ አስቀረሽው።

ቁጭ ብዬ ካርታዎቹን ዘረጋኋቸው። ከፊት ለፊትሽ፣ ጠረጴዛው ላይ ተገልጦ የተዘረጋውና አንቺው የምትጫወቺለት የአጋርሽ ካርታ ላይ የአንድ ዓይነት አስና ንግሥት አሉ። የዚያው ዓይነት ንጉሥ ከተቃራኒዎቹ በአንዱ እጅ ነው። ከአጋርሽ ካርታ በፊት የሚጥለው የግራው ሰው ከያዘው ንግሥቷ ታሸንፋለች፤ የቀኙ ከያዘው ትበላለች። ሲታይ ግማሽ በግማሽ ነው። ግን የግራው ሰው በጨረታው፣ ማለትም ካርታ መጣል ከመጀመሩ በፊት ተጫዋቾቹ በየተራ ምን ያህል እንደሚያሸንፉ በሚናገሩበት ክፍል፣ መጀመሪያ ላይ «አልፌያለሁ» ብሏል። ከዚያ ወዲህ አንድ አስ፣ ከሌላ ዓይነት ንጉሥና ንግሥት፣ አንድ ጃክ ሲጥል አይተሻል። የካርታ ጥንካሬ በነጥብ ይለካል፦ አስ 4 ነጥብ፣ ንጉሥ 3፣ ንግሥት 2፣ ጃክ 1፤ ደምሪው፣ 10 ነው። ይሄኛው ንጉሥም እሱ ጋር ቢሆን 13 ይሆንለት ነበር። 13 ይዞ ደግሞ ዝም አይልም፤ ጨረታውን ይከፍት ነበር። ስለዚህ ንጉሡ በቀኝ ነው። የቀረሽ ተስፋ፣ የቀኙ ሰው ከዚያ ዓይነት ንጉሡን ብቻ ከያዘ፣ በአሱ ማውደቅ ነው፤ አወደቅሽው።

አየሽ? ያልጮኸው ሰው ነው ሚስጥሩን ያወጣው። እኔ መካከለኛ ተጫዋች ነኝ፤ ይህን ስደርስበት ከወንበሬ ተነሳሁ። አንባቢሽም እዚያው መነሳት ነበረበት። አንቺ ግን በሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር አልፈሽዋል።

የሚቀጥለው ዓመት እንዲህ ይሁን። ዲግሪሽን ጨርሺ። በየቀኑ ከማታውቂው ሰው ጋር ከመጫወት አንድ ቋሚ አጋር ያዢ፤ ብሪጅ ውስጥ ብቻውን ያደገ ሰው አላውቅም። በሳምንት አንድ ጨዋታ ጻፊ፤ ግማሹ የተሸነፍሽበት ይሁን። ጀማሪዎች ካገኘሽ አስተምሪ፤ የት ላይ ግር እንደሚላቸው ስታዪ ምን መጻፍ እንዳለብሽ ይገባሻል። ከተመረቅሽ በኋላ በማስተማሩና በመጻፉ የምታገኚውን ለብቻው መዝግቢ፤ መቼም አካውንታንት ነሽ። ያ ቁጥር ስድስት ወር ሙሉ የቤት ኪራይሽን ከሸፈነ፣ ያኔ ሥራ ስለመልቀቅ እናወራለን።

ለአሁኑ ግን ያንን ጨዋታ እንደገና ጻፊና ላኪልኝ። ከ300 ቃላት አይብለጥ። መጀመሪያ ለአባትሽ አንብቢላቸው፤ ንጉሡ የት እንዳለ ሳትነግሪያቸው አቁሚና ጠይቂያቸው።