ትሮሊውን በሩ ላይ አቁሚው

ልጆቼ፣ ዘንድሮ ተመርቃችሁ ሆቴል የምትገቡ ብዙ ናችሁ። አዲሱን ዩኒፎርም ለብሳችሁ የተነሳችሁትን ፎቶ ሳይ ደስ ይለኛል። እኔ 31 ዓመት ሆቴል ውስጥ ነው የኖርኩት። አልጋ አንጣፊ ሆኜ ገባሁ፣ የፎቅ ሱፐርቫይዘር ሆንኩ፣ የሃውስኪፒንግ፣ ማለትም የክፍሎች ጽዳት፣ ኃላፊ ሆኜ ጡረታ ወጣሁ። አንሶላ እንዴት እንደሚወጠር የሚያሳያችሁ ሰው አይጠፋም። እኔ ሥልጠና ላይ ስለማይወራው ነገር፣ ሥራ ላይ ስለሚደርስ ወሲባዊ ትንኮሳ ላውራችሁ።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ሱፐርቫይዘር በሆንኩ በሁለተኛው ዓመት አንዲት ልጅ ደረጃውን እየሮጠች ወርዳ አንሶላ የምናስቀምጥበት ክፍል ገባች። እጇ ይንቀጠቀጣል፣ የሸሚዟ ቁልፍ ተበጥሷል። እንግዳው ፎጣ አምጡልኝ ብሎ ደውሎ፣ ስትገባ በሩን ከኋላዋ ዘጋውና ያዛት። ታግላ ነው ያመለጠችው። ሰውየው ደግሞ የከረመ ደንበኛ ነው፣ በመጣ ቁጥር ወር ሙሉ የሚቀመጥ፣ ጉርሻም የማይሰስት። እና ምን አደረግኩ? ውኃ ሰጠኋት፣ አይዞሽ አልኳት፣ በነጋታው ላውንደሪ አዛወርኳት።

ያዳንኳት መስሎኝ ነበር እኮ! ላውንደሪ ጉርሻ የለም። የሆቴል ደሞዝ ደግሞ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ የቤት ኪራይዋን የሚከፍልላት ጉርሻው ነበር። ሰውየው እዚያው ክፍሉ ቆየ። ሌላ ልጅ ትሮሊዋን፣ የጽዳት ጋሪዋን፣ እየገፋች ገባችለት፣ ማንም ሳያስጠነቅቃት፣ እኔም ጭምር። የመጀመሪያዋ ሁለት ወር ቆይታ ለቀቀች። ዩኒፎርሟን ልታስረክብ ስትመጣ "እትዬ፣ እሱ አጥፍቶ እኔን ቀጡኝ" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ሆቴል ውስጥ ግን ይነቅዛል፣ የሚነቅዘውም ቀጥላ በምትገባው ልጅ ላይ ነው።

ነገሩ እንደዚያ ቀን በግልጽ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በቀልድ ነው የሚጀምረው። ሒሳብ ሲከፍል እጅሽን ይዞ የማይለቅ አለ። "ስልክሽን ካልሰጠሽኝ ጉርሻ የለም" የሚል አለ። ፎጣ አገልድሞ በር የሚከፍት፣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ትራስ ጨምሩልኝ ብሎ "ያቺ ቀይዋ ልጅ ታምጣው" የሚል አለ። ኩሽና ውስጥ በጠባቧ መተላለፊያ ባለፈ ቁጥር የሚታከክ ሼፍ አለ። እናንተም ደንበኛ ንጉሥ ነው ተብላችሁ ስለተማራችሁ ፈገግ ብላችሁ ታልፉታላችሁ። ንጉሥም ቢሆን ወሰን አለው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ወሲባዊ ትንኮሳ ማለት ሌላውን ሰው ያለ ፈቃዱ በንግግር፣ በምልክት ወይም በሌላ መንገድ ለወሲብ ለማግባባት መሞከር ነው። መንካት ግድ አይደለም። ኃይል ወይም የኃይል ሙከራ ከተጨመረበት ወሲባዊ ጥቃት ይሆናል።

ሕጉ ሴት ብቻ አላለም። አንድ ቤልቦይ ነበረን፣ ሻንጣ አድርሶ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። እንግዳዋ ምን እንዳለችው ሲነግረን "ታድለህ" ብለን ሳቅንበት። ከዚያ ወዲያ ምንም ነግሮን አያውቅም፣ እኔ ብሆንም አልነግርም ነበር።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። ክፍል ስታጸጂ በሩን ክፍት አድርጊና ትሮሊውን በሩ ላይ አቁሚው። ሦስቴ አንኳኩተሽ፣ ሃውስኪፒንግ ብለሽ፣ ጠብቀሽ ግቢ። እንግዳው ውስጥ ካለና ሁኔታው ካላማረሽ "በኋላ እመለሳለሁ" ብለሽ ውጪ፣ ይቅርታ አትደርድሪ። ማታ የታዘዘ ፎጣም ሆነ ምግብ ደፍ ላይ ይሰጣል። አንድ ክፍል ችግር እንዳለበት ከታወቀ ሁለት ሆናችሁ ግቡ፣ ከተቻለ ደግሞ አንዱ ወንድ ይሁን። የጥበቃውንና የሪሴፕሽኑን የውስጥ ስልክ ቁጥር በቃልሽ ያዢ፣ ስትደነግጪ ወረቀት አትፈልጊም። ይህን ሁሉ አላደረግሽም ማለት ግን ጥፋቱ ያንቺ ነው ማለት አይደለም። በሩን ከፍታ የተያዘች ልጅም አውቃለሁ።

ደርሶብሽ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ጻፊው። ሳይነጋ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የክፍሉን ቁጥር፣ የተናገረውን ቃል ሳታሳምሪና ሳትቀንሺ፣ ማን እንዳየሽ፣ መጀመሪያ ለማን እንደነገርሽ። ያፈርሽበትን ቃል ጭምር። "መጥፎ ነገር ተናገረኝ" የሚል ወረቀት በእጄ ብዙ አልፏል፣ ማንንም አስጠይቆ አያውቅም። በካርድ የሚከፈት በር ማን መቼ እንደከፈተው ይመዘግባል። ካሜራውም ኮሪደሩን ይቀርጻል፣ ግን ቦታ ሲሞላ አሮጌው ይጠፋል። ስለዚህ ማመልከቻሽ ላይ የዚህ ሰዓት ቪዲዮና የበሩ መዝገብ ይቀመጥልኝ ብለሽ ጨምሪ። ይህን ዓረፍተ ነገር የጻፈች አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች በእኔ ዘመን፣ ያሸነፈችውም እሷ ናት።

ማመልከቻውን ሁለት ኮፒ አድርጊው። አንዱን ስጪ፣ ሌላው ላይ "ተቀብያለሁ" ብለው ከነቀኑ ይፈርሙልሽ። አንፈርምም ካሉ የሠራተኛ ማኅበር ተወካይ ወይም የምታምኛትን ባልደረባሽን ይዘሽ ግቢ። ኃላፊሽ ራሱ ከሆነ ተንኳሹ፣ ከእሱ በላይ ላለው ስጪ። ሺፍት የሚያወጣው፣ ዓመት ፈቃድ የሚፈርመው እሱ ስለሆነ ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ከእንግዳው የባሰ እሱ ነው፣ እንግዳው ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል፣ እሱ ነገም ይመጣል።

አሁን የምላችሁን ደግሞ ብዙ ልጆች ባለማወቅ ተጎድተውበታል። ትንኮሳውን ወይም ጥቃቱን ያደረሰው አሠሪው ወይም የሥራ መሪ ከሆነ፣ ያለማስጠንቀቂያ ሥራ የመልቀቅ መብት በአዋጁ አለሽ። ስትለቂም ከሥራ ስንብት ክፍያው ሌላ የቀን ደሞዝሽ በ90 ተባዝቶ ካሳ ይታሰብልሻል። ሁለት ነገር ግን አለ። አንደኛ፣ ይህ መብት ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ከቆመ በኋላ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀምሽበት ያልፋል። ሁለተኛ፣ የምትለቂበትን ምክንያት በጽሑፍ መግለጽ አለብሽ። የኛ ልጆች ግን ሦስት ወር ችለው ችለው ሲያቅታቸው ምን ብለው ይጽፋሉ? "በግል ምክንያት ሥራዬን መልቀቄን አሳውቃለሁ።" በዚያች መስመር ካሳቸውም እውነታቸውም አብሮ ይቀበራል። ምኑ ነው የግል?

ያ አንቀጽ ስለ አሠሪና ስለ ሥራ መሪ እንጂ ስለ እንግዳ አያወራም። ለዚህም ነው በእንግዳ ጉዳይ ወረቀቱ የበለጠ የሚያስፈልገው። "አላወቅንም ነበር" የሚለውን መልስ የሚዘጋባቸው እሱ ነው።

ነገሩ ከዚያ ካለፈና ጥቃት ከደረሰብሽ ለሆቴሉ ከማመልከትሽ በፊት ሐኪም ቤት ሂጂ። አትታጠቢ፣ ልብስሽን አትጠቢ፣ በወረቀት ከረጢት ይዘሽው ሂጂ። ከኤች አይ ቪ የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ ቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። አዲስ አበባ ላይ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውንና የሕጉን ጉዳይ አንድ ቦታ የሚያገናኝ ማዕከል አለው። ጠበቃ መክፈል የማትችይ ከሆነ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

የእህቴ ልጅ አሜሪካ፣ ሲያትል ከተማ ሆቴል ውስጥ ነው የምትሠራው። በቪዲዮ ስናወራ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለች ትንሽ ነገር አየሁና መስቀል መስላኝ "የማን ስጦታ ናት?" አልኳት። ሳቀች። የአደጋ መጥሪያ ናት፣ ሲጫኗት ጥበቃ የትኛው ፎቅ እንዳለሽ አውቆ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 የከተማዋ መራጮች ሆቴሎች ይህን እንዲሰጡ በድምፃቸው ወስነው ነበር፣ በ2019 ደግሞ የግዛቱ ሕግ ሆነ። ቺካጎም በ2017 ተመሳሳይ ደንብ አወጣች። እዚያ የሆቴል ሠራተኞች ማኅበር አስቀድሞ ወደ 500 የሚጠጉ ሴት ሠራተኞችን ጠይቆ ነበር፣ ከሆቴል ሠራተኞቹ 58 በመቶው በእንግዳ ተተንኩሰናል አሉ። አስቡት፣ መጥሪያዋ ከባለሆቴል ርኅራኄ አልመጣችም። አልጋ አንጣፊዎች አፍ አውጥተው ተናግረው፣ ተቆጥረው፣ ወረቀት ላይ ሰፍረው ነው የመጣችው። እኛ ጋ እስክትመጣ በፉጨትም ቢሆን እንሥራ። አሥር ብር የማትሞላ ፊሽካ ትሮሊ ላይ ሳስር የሳቁብኝ ነበሩ፣ ይሳቁ።

ከእናንተ መካከል ነገ ሱፐርቫይዘር የምትሆኑ አላችሁ። ልጅ እያለቀሰች ስትመጣ መጀመሪያ "ምን ለብሰሽ ነበር?" አትበሉ፣ ዩኒፎርሙን የሰጣችኋት እናንተ ናችሁ። "እርግጠኛ ነሽ?" አትበሉ። ቁጭ ብላችሁ ስሙ፣ ጻፉ፣ አስፈርሙ። ክፍሏን መቀየር ራሷ ከፈለገች ይቀየርላት፣ ጉርሻዋና ደሞዟ ሳይነካ። አለበለዚያ የሚነሳው እሱ ነው። እንግዳውን ማኔጀሩ ራሱ ሄዶ ያናግረው፣ ክፍሉን ወንድ ያጽዳው፣ ከደገመ ሒሳቡን ዘግቶ ይሂድ። እኔ ኋላ ላይ አንዱን እንዲህ አድርገን ሸኝተነዋል፣ ሆቴሉ አልተዘጋም።

ነገ ሥራ ስትጀምሪ ቁልፍ፣ ዩኒፎርምና ሎከር ይሰጡሻል። ያኔ ኃላፊሽን "እንግዳ ቢይዘኝ ለማን ነው የምደውለው? ከዚያስ ምን ታደርጋላችሁ?" ብለሽ ጠይቂው። ወዲያው ቁጥር የነገረሽ ከሆነ ጥሩ። "እኛ ጋ እንደዚህ ዓይነት ነገር የለም" ካለሽ ግን ቀደም ብላ የገባችውን ልጅ ለብቻዋ፣ ሻይ ሰዓት ላይ፣ የትኛው ክፍል ለብቻ እንደማይገባ ጠይቂያት። እሷ ታውቃለች።