ያስቀመጥኩት ብዙ፣ የተማርኩት ጥቂት

ጥያቄ፦ በአንድ አነስተኛ ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት እሠራለሁ። ኤክሴል በደንብ መቻል እፈልጋለሁ። ቴሌግራም ላይ የትምህርት ቻናል ሞልቶኛል፤ ቲክቶክና ዩቲዩብ ላይም ያስቀመጥኳቸው ቪዲዮዎች ተከማችተዋል። ማታ ልማር ብዬ ስልኬን እከፍትና ቀልድ ሳይ እኩለ ሌሊት ይሆናል። ምን ላድርግ?
ት.፣ ከሀዋሳ

መልስ፦ ቲክቶክ አንድ ቀልድ እስከ መጨረሻው ካዩለት ነገ አሥር ይዞ ይመጣል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚቀርብልዎትን ያስተካክሉ። የማይፈልጉትን ቪዲዮ ጫን ብለው ይያዙና «ኖት ኢንተረስትድ» የሚለውን ይምረጡ። ዩቲዩብ ላይ ያዩትን የሚመዘግበውን «ሂስትሪ» አጥፍተው ዳግም እንዳይመዘግብ ካቆሙት የመጀመሪያው ገጽ ባዶ ይሆናል፤ የሚያዩት ራስዎ ፈልገው ያገኙትን ነው። ከቴሌግራም ቻናሎች ሁለት ያስቀሩ፦ በተከታታይ የሚያስተምረውንና የልምምድ ፋይል የሚለጥፈውን። «አሥር ድንቅ የኤክሴል ዘዴዎች» የሚሉት ቢቀሩብዎ አይጎዱም። ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድም «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» ውስጥ ገብተው ያጥፉት፤ ጥቅልዎን የሚበላው እሱ ነው።

ለአንድ ሳምንት አንድ ነገር ብቻ ይያዙ። ቪሉክአፕን (VLOOKUP፦ በአንድ መለያ ከሠንጠረዥ ውስጥ ተዛማጁን ፈልጎ የሚያወጣ ቀመር) እንውሰድ። 10 ደቂቃ የሚሆን አንድ ቪዲዮ ይምረጡና ጥራቱን 480 ላይ ያድርጉት። ለንግግር 144 ይበቃል፤ ኤክሴል ላይ ግን ጥራቱ ሲወርድ በሴሉ (በሠንጠረዡ ሳጥን) ውስጥ ያለው ፊደል አይነበብም። አንዴ ሳያቋርጡ ይዩት። ከዚያ ቪዲዮውን ዘግተው 20 ሠራተኞች ያሉበት የደመወዝ ሠንጠረዥ ይሥሩ፤ በመለያ ቁጥር ደመወዝ እንዲያወጣልዎ ይሞክሩ።

መጀመሪያ ላይ እምቢ ማለቱ አይቀርም። በብዛት የሚያጋጥመው ሁለት ነገር ነው። የቀመሩ መጨረሻ ላይ ዜሮ ካልጻፉ ተቀራራቢውን ይፈልግና፣ ምንም ስህተት ሳያሳይ፣ የሌላ ሰው ደመወዝ ሊያመጣ ይችላል፤ ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። መለያ ቁጥሩ አንዱ ሠንጠረዥ ላይ እንደ ቁጥር፣ ሌላው ላይ እንደ ጽሑፍ ከተመዘገበ ደግሞ ለዐይን አንድ ቢመስልም ኤክሴል አላገኘሁም ይላል። ቪዲዮ ብቻ የሚያይ ሰው እነዚህን አይደርስባቸውም።

ሲያቅትዎ ግሩፕ ላይ ይጠይቁ። «ኤክሴል አስቸገረኝ» ካሉ ማንም አይመልስልዎትም፤ ቀመሩን፣ የስህተቱን ምስልና ማግኘት የፈለጉትን አንድ ላይ ይለጥፉ። የሠራተኞቹን እውነተኛ ስምና ደመወዝ ግን አስቀድመው ይቀይሩ። ከሳምንት በኋላ ቪዲዮውን ሳያዩ ይድገሙት። እንዳይረሱ ቴሌግራም «ሴቭድ ሜሴጅስ» ውስጥ ይጻፉና የመላኪያውን ምልክት ጫን ብለው ይያዙ፤ ቀንና ሰዓት መርጠው አስታዋሽ ማድረግ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ በየጠዋቱ አነቃቂ ንግግር እሰማለሁ። ስሰማ እነሣሣለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ግን እዚያው ነኝ።
ከደሴ

መልስ፦ አንዱን ሰምተው ሲጨርሱ ዛሬ የሚያልቅ አንድ ሥራ ወረቀት ላይ መጻፍ ከቻሉ ይቀጥሉ። ካልቻሉ ቻናሉን ይተዉት፤ ጊዜው ለሥራው ይሁን።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛ ለመማር አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ገባሁ። ባለቤቱ «ለምዝገባ የመጣልሽን ቁጥር ላኪልኝ» አለኝ፣ ለሰርተፍኬትም ክፍያ ጠየቀኝ። ላምነው?
እናት፣ ከሪያድ

መልስ፦ እማማ፣ አይላኩ። ያ ቁጥር የምዝገባ ሳይሆን የእርስዎ ቴሌግራም መግቢያ ነው፤ የያዘው ሰው እርስዎን ሆኖ ይገባል። ይህን ቁጥር ለትምህርት ብሎ የሚጠይቅ እውነተኛ አስተማሪ የለም። ለሰርተፍኬቱም የሚቀበለው መሥሪያ ቤት ማን እንደሆነ ሳያጣሩ አይክፈሉ። ብሪቲሽ ካውንስል በድረ ገጹ ነፃ የእንግሊዝኛ ትምህርት ስላለው ከዚያ ይጀምሩ፤ ግሩፕን ለንግግር ልምምድ ይጠቀሙበት። ድምፅዎን ቀድተው ይልኩና የሌሎቹን በዝግታ ያዳምጣሉ።

ቁጥሩን ከላኩ ግን ቶሎ ይበሉ። ሴቲንግስ ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚለውን ከፍተው ከእርስዎ ስልክ በቀር ሌላውን ሁሉ ያስወጡ። ቀጥሎ «ፕራይቨሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ» ውስጥ የሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል ያስገቡ። ከዚያም ለዘመድ ይደውሉ፤ በስምዎ ገንዘብ የጠየቀ ካለ እንዳይልኩ ይንገሯቸው።