ጮቄን በስልክ ካርታ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ብራዚል ውስጥ ፒኮ ዳ ኔብሊና የሚባል ተራራ አለ አሉ። የአገሬው ሰዎች፣ ያኖማሚዎች፣ ካልመሩት ጎብኚ አይወጣውም ሲባል ሰማሁ። እኛም በጥር ከጓደኞቼ ጋር ጮቄን ልንወጣ ነው። ስልካችን ላይ ካርታ አለ። ለመንገድ መሪ መክፈል ግድ ነው እንዴ?
(ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ወንድም ዓለም፣ እውነት ነው። ተራራው ያለው በያኖማሚዎች ምድር፣ አማዞን ጫካ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ለጎብኚ ተዘጋ። በ2022 ሲከፈት ጉዞውን ራሳቸው ያኖማሚዎቹ ያዙት። ደግ አደረጉ!

ጮቄ ላይ የሚያስገድድህ የለም። ግን ከፍታውን እይልኝ። ኔብሊና 2,995 ሜትር ነው፤ ጮቄ ከ4,000 ያልፋል። ጥቅጥቅ ያለ ደን የለውም ብለህ እንዳትንቀው። ታች ገብስና ድንች፣ ቀጥሎ አስታ፣ ላይ ጓሳና ጅብራ ነው። ጉም ሲወርድ አንዱን ጅብራ ከሌላው አትለየውም። ስልክህ የቆምክበትን ቦታ ያሳይሃል፤ ፊትህ ያለው ረግረግ ይሁን ገደል አይነግርህም። ባትሪውም በብርድ ቶሎ ይሞታል። ጮቄ ሥር ያለችው የሮብ ገበያ ከተማ ገበሬ ግን ምንጩ የቱ ጋ እንዳለ፣ የማን ውሻ እንደሚናከስ ያውቃል። የውሻውን ነገር ለቀልድ አላነሳሁትም።

ስለዚህ ሰው ያዙ። ዋጋውንም ሳትነሱ ተነጋገሩ። ጎጃሜ ነውና «ግድ የለም፣ ምን ቸገረኝ» ይላችኋል። አትስሙት! በጥር አውድማውን ትቶ ነው የሚከተላችሁ። «ስንመለስ እናያለን» ማለት ነውር ነው። ፀበል ካለበት ስትደርሱ ደግሞ ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት እሱን ጠይቁት።

ከሁሉ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን እዚያው ካሉ ሰዎች አጣሩ። ካልሆነ ተራራው የትም አይሄድም፤ ሌላ ጊዜ ትወጡታላችሁ።

ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለ ደገኛ ነን ብላችሁ አትኩራሩ። የመኪና መንገዱ ከሮብ ገበያ ወደ ዲጓ ጽዮን ጮቄን አቋርጦ ያልፋል፤ በመኪና ተፈናጥጦ ላይ መድረስ ራስ ያዞራል። ከታች ጀምራችሁ በዝግታ ውጡ። ራስ ምታቱ ከጠናና ማቅለሽለሽ ከመጣ ወደ ታች መመለስ ነው፣ ክርክር የለውም። ሌሊቱ በጥር አጥንት ይሰብራል፤ ጃኬት አለኝ ብለህ ጋቢህን እንዳትተው። ስንቅ ስትቋጥሩም የመሪያችሁን ድርሻ ጨምሩ።