«ሞርፊን ከተጀመረማ አለቀላት?» የካንሰር አስታማሚዎች ጥያቄና መልስ

የማስታገሻ ሕክምና ነርስ ነኝ። ሞርፊን ጠንካራ የህመም ማስታገሻ ነው። መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ እኔ የምመልሰው ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚሰጥ ነው።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ የእናቴ የጡት ካንሰር አጥንት ውስጥ ገብቶ የሞርፊን ሽሮፕ ታዘዘላት። አክስቶቼ «አለቀላት» ብለው ያለቅሳሉ። ሱስስ አያሲዛትም?

መልስ፦ ሞርፊን የሚታዘዘው በህመሙ ልክ እንጂ በቀረው ዕድሜ ልክ አይደለም። የጨረር ሕክምና የአጥንት ህመሙን ሲያቀልላቸው ቀንሰው የሚተዉት አሉ። ለካንሰር ህመም በታዘዘው መሠረት ሲሰጥ ሱስ ብዙም አያጋጥምም። ሰውነት መልመዱ ግን እውነት ነው፤ በአንድ ቀን አታቋርጪባት፣ ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይቀንሰዋል።

ጥያቄ፦ ለአባቴ ሽሮፑን የምሰጣቸው ሲጠናባቸው ብቻ ነው። ሌሊቱን ግን እያቃሰቱ ያድራሉ።

መልስ፦ የጠናን ህመም መመለስ ከባድ ነው። ሽሮፑ የሚሠራው ለአራት ሰዓት ያህል ስለሆነ ህመሙን ሳትጠብቅ በሰዓቱ ስጥ፦ ጠዋት 12፣ ረፋድ 4፣ ቀን 8፣ ማታ 12፣ ከዚያ 4 ሰዓት ላይ። የሌሊት 8 ሰዓቱን ለመዝለል የመኝታውን መጠን እጥፍ የሚያደርጉ ሐኪሞች አሉ፤ ካልታዘዘ ግን በራስህ አታድርገው። በመሃል ህመም ቢነሳ ምን ያህል እንደምትጨምር አስቀድመህ ጠይቅ፤ የሰጠኸውን ሁሉ ደብተር ላይ ጻፍ። ብልቃጡ ላይ 6 ሰዓት የሚል ካለ በፈረንጅ ይሁን በእኛ አቆጣጠር አረጋግጥ! መለኪያህ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ይሁን፤ የቤት ማንኪያ አይታመንም። አዲስ ብልቃጥ ስትቀበል በአንድ ሚሊ ሊትር ስንት ሚሊ ግራም እንዳለ እይ፤ ጥንካሬው ሊለያይ ይችላል።

ጥያቄ፦ ሽሮፑን ከጀመረች ወዲህ ያጥወለውላታል፣ ታንቀላፋለች፣ ሆዷም ደርቋል። ላቁመው?

መልስ፦ ማጥወልወሉና እንቅልፉ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ይቀላል። ድርቀቱ ግን ሞርፊኑ እስካለ አይለቅም፤ ስለዚህ እንደ ቢሳኮዲል ያለ ማለስለሻ አብሮ መታዘዝ ነበረበት። ዛሬውኑ ደውለሽ ጠይቂ። ተልባ ብቻውን አይበቃም፤ ውሃ በደንብ ካልጠጣች ጭራሽ ያጠብቀዋል። ሲቀሰቅሷት አልነቃ ካለች ወይም ትንፋሿ ከዘገየ ግን ቀጣዩን አትስጪ፣ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ላይ ነው። ለህመሙ ከሰፈር ፋርማሲ ዲክሎፌናክ ብገዛለትስ?

መልስ፦ ሐኪሙን ሳትጠይቅ አይሆንም። ኬሞ ደም የሚያረጉትን ፕላትሌቶች ይቀንሳል፤ ዲክሎፌናክ ሲጨመርበት ለጨጓራ መድማት ያጋልጣል፣ ኩላሊትንም ይጎዳል። ፓራሲታሞልም ቢሆን ትኩሳት ይደብቃል፤ መጀመሪያ ለካው። 38 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ነው።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምሠራው። ለእናቴ ትራማዶል የተባለውን የህመም ማስታገሻ ከዚህ ልላክላት?

መልስ፦ እንዳታደርጊው፣ እህቴ። ኤምሬትስ ውስጥ ትራማዶል ጥብቅ ቁጥጥር ያለበት መድኃኒት ነው፤ ያለ ማዘዣ መያዙ ያሳስራል። ሞርፊን ላይ ደርቦ መስጠቱም አደገኛ ነው። ብር ብትልኪ ይሻላል።

ጥያቄ፦ እማማ ሁዳዴን እስከ 9 ሰዓት ይጾማሉ፤ መድኃኒቱንም እምቢ አሉ።

መልስ፦ የንስሐ አባታቸውን ጥራላቸው፤ ከእኔ ይልቅ እሳቸውን ይሰማሉ። ሐኪሙንም በ12 ሰዓት ልዩነት የሚዋጠው ቀስ ብሎ የሚለቀው ሞርፊን ይስማማቸው እንደሆነ ጠይቅ። እሱ ከተገኘ ግን አይፈጭም፣ አይታኘክም፤ ከተፈጨ የ12 ሰዓቱ መጠን በአንዴ ይለቀቃል።

ጥያቄ፦ ሽሮፑ ሊያልቅ ነው፤ ፋርማሲዎች የለም ይላሉ።

መልስ፦ ሞርፊን በልዩ ማዘዣ ወረቀት ነው የሚወጣው፣ ሁሉም ፋርማሲ አይይዘውም። ለሳምንት የሚሆን ሲቀርሽ ያዘዘልሽን ሐኪም ቤት ፋርማሲ ጠይቂ። አዲስ አበባ ከሆንሽ ቤት ለቤት የማስታገሻ ሕክምና የሚሰጠውን ሆስፒስ ኢትዮጵያንም አነጋግሪ።